ወደ ሞቃት ግዛት ለመዛወር ለምናስብ ባለትዳሮች ከግብዣው በፊት ሂሳቡ ይነገረን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ባለፈው ወር እትማችሁ የአንባብያን ደብዳቤ በሚወጣበት ገጽ ላይ አንድ አንባቢ ከቴክሳስ የጻፉትን አስተያየት እኔና ባለቤቴ አብረን አነበብነው። ጸሐፊው በሰሜን ግዛቶች የምንኖር ወገኖቻቸው፣ በተለይም ገና ቤት ያልገዛንና ልጅ ያላሳደግን ወጣት ባለትዳሮች፣ በበረዶና በግብር መሰቃየታችንን ትተን ሳንዘገይ ወደ ደቡብ እንድንወርድ መክረዋል። ምክራቸው ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ እኛንም ወደ አገሩ ሁሉ ሲጠሩን የኖሩት ዘመዶቻችን ከእሳቸው የተለየ ሐሳብ የላቸውም። ሆኖም ይህንኑ ጥያቄ አንድ ዓመት ሙሉ ስናወጣና ስናወርድ የቆየን ባልና ሚስት እንደመሆናችን፣ ምክሩ የዘለላቸው ነገሮች ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ በጋዜጣችሁ በኩል ለማሳሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እኔ በሚኔሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት እሠራለሁ። ባለቤቴ ከግዛት ወደ ግዛት ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው በጋ የመጀመሪያ ልጃችንን እንቀበላለን፤ የአፓርታማችን የኪራይ ውል ደግሞ በግንቦት ያበቃል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ነው እንቅልፍ ሲነሳን የከረመው።

የሚኔሶታን ብርድ አላቃልለውም። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ስላደግሁ ውርጭ አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ በተመዘገበበት ጠዋት፣ ያኔ ገና የነርስ ረዳት ሆኜ የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ፣ የመኪናዬ በር በዙሪያው ካለው ላስቲክ ጋር ተጣብቆ አልከፈት አለኝ፤ ታግዬ ከከፈትኩት በኋላም ባትሪው ሞቶ ነበር። ሽፋሽፍቴ ላይ የራሴ ትንፋሽ በረዶ ሆኖ ሲጠጥር ተሰምቶኝ ያውቃል ብዬ ለእናቴ ብነግራት አታምነኝም። እንደምንም አውቶቡስ ይዤ ቤት ከደረስኩ በኋላ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ሶማሌ አባት ልጃቸውን የባትሪ ማስነሻ ገመድ አስይዘው ሆስፒታሉ ድረስ በመላክ መኪናዬን አስነሱልኝ። ወደ ሞቃት አገር የመሄድ ሐሳብ በልቤ የገባው በዚያ ቀን ነው። እኝህን ጎረቤት ጥሎ የመሄድ ጉዳይ ግን ለረጅም ጊዜ በሂሳቡ ውስጥ አልገባም ነበር።

ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነ ለእርሱ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። በኅዳር ወር ጨለማው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ ሲጫነው ዝም እንደሚል፣ በመጋቢት ፀሐይ ስትመለስ እንደገና እንደሚጫወት ካስተዋልኩ ቆይቻለሁ። እንግዲህ ባለፈው በጋ ዓመት ፈቃዳችንን ይዘን፣ የሰማነውን ሁሉ በዓይናችን ለማየት ተነሣን። የሄድነው ሆን ብለን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዘመድ ሁሉ በታኅሣሥ ኑና እዩት ይላል፤ በታኅሣሥ ግን የትኛውም የደቡብ ከተማ ከሚኔሶታ ለመጣ ሰው ገነት ነው።

መጀመሪያ ያረፍነው በዳላስ አጠገብ በምትገኘው በጋርላንድ፣ በባለቤቴ አክስት ቤት ነው። እውነቱን ለመናገር ከተማይቱን ወደድናት። በአንድ ጎዳና ላይ እንጀራ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ግብር የሚሠራልህ፣ መኪና የሚጠግንልህ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ እሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሶ የሚጓዘው ሰው ብዛት አገር ቤት ያለን ያህል እንዲሰማን አድርጎናል። ለባለቤቴ ሥራም ዳላስ የአውራ ጎዳናዎች መገናኛ በመሆኗ ጭነት አይጠፋም። ሦስተኛው ቀን ማታ ግን ባለቤቴ አክስቱን ድፍረት አግኝቶ፣ «እትዬ፣ በወር በወር የምታወጪውን ንገሪን፤ እንደ ልጆችሽ ቁጠሪን» አላት። አክስታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ ከመኝታ ቤቷ አንድ የወረቀት ክላሰር ይዛ መጣች።

በዚያ ክላሰር ውስጥ ያየነውን ለአንባቢ መግለጽ የምፈልገው አንዳችም ሰው በስልክ ነግሮን ስለማያውቅ ነው። ቴክሳስ የግዛት የገቢ ግብር የላትም፤ እንዲያውም በ2019 መራጮች ባጸደቁት ማሻሻያ መሠረት በግለሰብ ገቢ ላይ ግብር መጣል በሕገ መንግሥቷ ተከልክሏል። ሚኔሶታ ግን እንደ ገቢው መጠን ከ5.35 እስከ 9.85 በመቶ ታስከፍላለች፤ እኛ ሁለታችን ባለፈው ዓመት ለግዛቱ የከፈልነው ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ይህን ገንዘብ እንደሚተርፍ አድርገን ቆጥረነው ነበር። የአክስታችን የዓመት የቤት ግብር ደግሞ ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ቤቷም ተራ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ነው። ቴክሳስ ከደመወዝ ያልወሰደችውን ከቤት ትወስዳለች፤ ትምህርት ቤቱም፣ ከተማውም፣ ካውንቲውም በየራሳቸው ድርሻ ይጥላሉ። ሚኔሶታም ብንገዛ የቤት ግብር አለና ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በስልክ ከሚነገረው ግን በእጅጉ ያንሳል። ከከተማ ወጣ ብለው በአዲስ በሚገነቡ ሰፈሮች ርካሽ ቤት የሚያዩ ወጣቶች ደግሞ የውኃና የፍሳሽ መሥመሩ ዕዳ እስኪከፈል ድረስ «ሙድ» በሚባል የአካባቢ አገልግሎት ድርጅት በኩል ተጨማሪ ግብር ሊኖር እንደሚችል፣ ከዚያም ላይ የሰፈሩ ማኅበር ወርኃዊ ወይም ዓመታዊ መዋጮ እንዳለ ቀድመው ይጠይቁ። በመኖሪያ ቤት ላይ የሚሰጠውን ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽም ባለቤቱ ራሱ አመልክቶ ነው የሚያገኘው። አክስታችን ይህን ሳታውቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሙሉውን ከፍላለች።

ሌላም ነገር አየን። በሰሜን ቴክሳስ ያለው መሬት መረሬ ሸክላ ነው፤ በክረምት ዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። አክስታችን በየማታው የቀዳዳ ጎማ ቱቦ በቤቱ ዙሪያ ዘርግታ መሠረቱን ውኃ ታጠጣለች። እኔ አትክልት የምታጠጣ መስሎኝ ልረዳት ስወጣ ነው የነገረችኝ። በሳሎኗ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አለ፤ በእርሳስ ቀን እየጻፈች እስከየት እንደደረሰ ምልክት ታደርግበታለች። ይህ ሁሉ የማይቻል ነገር ሆኖ አይደለም። እሷ ቤቷን ትወዳለች፤ ሦስት ልጆች አስተምራበታለች። ነገር ግን ቤት ገዝቶ ወር ያልሞላው ወጣት ባልና ሚስት በግድግዳው ስንጥቅ ከመደንገጥ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻለዋል።

ስለ ሙቀት እርግጠኞች ሆነን የምንሄድበት አገርም ቢሆን ብርድ አለው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስን በመታው በረዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጥተው ነበር፤ ግዛቱ ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 246 ነው። የአክስታችን ቤተሰብ ሦስት ሌሊት በአንድ ክፍል ውስጥ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አሳለፈ፤ በጣሪያው ውስጥ የሚያልፈው የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ የልጆቹን መኝታ አጥለቀለቀው። በሚኔሶታ ከዚያ አሥር እጥፍ በሚከፋ ብርድ አንድም ሌሊት እንዲህ ሆነን አናውቅም፤ ቤቶቻችን ለብርድ ተብለው የተሠሩ ናቸው። በዚያው በጋርላንድና በአጎራባቿ በሮውሌት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2015 ምሽት የደረሰው ቶርኔዶ 10 ሰዎችን ገድሏል። እኛ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ወደ ምድር ቤት እንወርዳለን፤ በዚያ ሸክላ መሬት ላይ የተሠሩት ቤቶች ግን አብዛኞቹ ምድር ቤት ስለሌላቸው ቤተሰቡ መታጠቢያ ቤት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ይሸሸጋል። ሂዩስተንን የሚያስቡም በ2017 ሃርቪ የተባለው ማዕበል ያወረደውን ውኃ ሳያስታውሱ ከወንዝና ከቦይ አጠገብ ቤት አይግዙ።

ከዳላስ ወደ ፊኒክስ የሄድነው ለባለቤቴ ብዬ ነው። እርሱ፣ የድሬዳዋ ሰው ሙቀት አይፈራም ይል ነበርና ሲሄድ በደስታ ነበር። ፊኒክስ ብዙ ነገሯ መልካም ነው፤ የአሪዞና የገቢ ግብር 2.5 በመቶ ብቻ ነው፣ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝም ከቴክሳስና ከጆርጂያ እጥፍ ገደማ ነው። በደረስንበት ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪናችንን ከፍቶ የወንበሩን ቀበቶ ብረት ሲይዝ ጣቱን ተቃጠለ፤ መሪውንም በፎጣ ይዞ ነው የነዳው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለመንሸራሸር ስንወጣ አስፋልቱ ገና ምጣድ ነበር። በ2023 በዚህች ከተማ ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ በየቀኑ 110 ፋራናይት ወይም ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰ ነበር፤ ፊኒክስ በምትገኝበት በማሪኮፓ ካውንቲ በዚያ ዓመት ከሙቀት ጋር በተያያዘ 645 ሰዎች ሞተዋል።

ባለቤቴን ያሳዘነው ግን ዲግሪው አልነበረም። በድሬዳዋ ሙቀቱ ሲበርድ ማታ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ደጃፍ ይወጣል፤ ጨዋታው፣ ጫቱ፣ ሻዩ፣ የልጆች ሩጫ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። በፊኒክስ በሐምሌ ማታ በደረስንበት ሰፈር መንገዱ ላይ አንድ ልጅ አላየንም። የመጫወቻው ሸርተቴ ልጅ ቢነካው ያቃጥላል። ሁሉም ቤቱን ዘግቶ የማቀዝቀዣ ድምፅ እየሰማ ይቀመጣል፤ እኛም በጥር የምንኖረው እንደዚሁ ነው። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ጎዳናውን ግራና ቀኝ ሲያይ ቆይቶ፣ «እኔ የናፈቀኝ ሙቀት ሳይሆን ደጅ ኖሯል» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምንፈልገውን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ቻልን።

ስለ ሌሎቹ ረጅም መናገር አያስፈልግም። ካሊፎርኒያ የነርስ ገነት ናት፤ አንድ ነርስ ስንት ሕሙማን ብቻ ልትይዝ እንደምትችል በሕግ የወሰነች፣ ይህንንም ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለች ግዛት ናት፤ ነገር ግን የቤቱ ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነው። ላስ ቬጋስ ወገን በርክቶባታል፣ የገቢ ግብርም የለም፤ የፊኒክስን በጋ ካየን በኋላ ሌላ በረሃ ለማየት ግን ልባችን አልፈቀደም። ፍሎሪዳን የተውነው በአውሎ ነፋስ ምክንያት የቤት መድን ዋጋ ለነዋሪው ራሱ ስለከበደው ነው።

በመጨረሻ በጥቅምት አትላንታ ሄድን። አትላንታ ከባሕር ወለል ከፍ ያለች፣ በዛፍ የተሸፈነች ከተማ ናት፤ በጋዋ ይሞቃል፣ እርጥበቱም ከባድ ነው፤ ክረምቷ ግን አጭር ሲሆን የሰው ልጅ በአብዛኛው ዓመት ደጅ መዋል ይችላል። በዲካልብ ካውንቲ፣ በክላርክስተንና በስቶን ማውንቴን አካባቢ፣ ከአሥር አገር የመጣ ስደተኛ ጎን ለጎን ይኖራል፤ እኔንም የማረከኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ልጄ የሶማሌ ጎረቤቶቻችንን የመሰሉ ሰዎች ባሉበት እንዲያድግልኝ እፈልጋለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በግንቦት 2023 ወደ አትላንታ መብረር ስለጀመረ፣ እንግሊዝኛ የማትናገረው እናቴ ቪዛ ባገኘች ጊዜ በማታውቀው አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ሳትንከራተት ትመጣለች። ጆርጂያ አራት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ሁሉ፣ የወላጆች ገቢ ሳይጠየቅ፣ በሎተሪ ገቢ የሚሸፈን ነጻ ቅድመ መደበኛ ትምህርት አላት፤ በዚያው ገንዘብ የሚደገፈው ሆፕ የተባለው የኮሌጅ ስኮላርሺፕም ከ1993 ጀምሮ አለ። በሌላ ወገን፣ የገቢ ግብሯ ቴክሳስን ያህል ቀላል አይደለም፤ የመኪናው መጨናነቅ ትዕግሥት ይፈትናል፤ በመጋቢት መጨረሻ የጥድ ብናኝ መኪናውንም በረንዳውንም ቢጫ እንደሚያለብሰውና አስም ያለበትን ሰው እንደሚያስቸግር ያስተናገዱን ወዳጆቻችን በግልጽ ነግረውናል። ስለነገሩንም አመንናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ስንጠይቅ የኖርነው የት እንሂድ ብለን ነበር። መቼ እንሂድ የሚለውን የጠየቀን አንድም ሰው የለም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። በግንቦት ውሉ ሲያልቅ ዕቃችንን ጭነን ለመውጣት፣ ልጁንም እዚያ ለመውለድ ተዘጋጅተን ነበር። ያስቆመን በሥራ ቦታዬ ከአንዲት ታላቅ ነርስ ጋር በእረፍት ሰዓት ያደረግነው ጨዋታ ነው። እርስዋ በወጣትነቷ ስድስት ወር እርጉዝ ሆና ከግዛት ግዛት ተዛውራ፣ ልጇን በወለደች በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ለመመለስ የተገደደች ሴት ናት። ጡቷ ወተት እያፈሰሰ በአልባሳት ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ታለቅስ እንደነበር ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ኤፍኤምኤልኤ በሚባለው የፌዴራል ሕግ አንድ ሠራተኛ ለወሊድ እስከ 12 ሳምንት ሥራውን ሳያጣ እረፍት መውጣት ይችላል፤ ይህ እረፍት ደመወዝ የለውም። መብቱን ለማግኘትም ለዚያው ቀጣሪ ቢያንስ 12 ወር፣ በእነዚያም ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 1,250 ሰዓት የሠራ መሆን አለበት፤ ቀጣሪውም በ75 ማይል ክልል ውስጥ 50 ሠራተኞች ሊኖሩት ይገባል። እንግዲህ በግንቦት ሄጄ በሰኔ አዲስ ሥራ ጀምሬ በበጋው ብወልድ፣ ይህ መብት አይኖረኝም። በቴክሳስም፣ በጆርጂያም፣ በአሪዞናም፣ በፍሎሪዳም የግል ሠራተኛን ሁሉ የሚሸፍን ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ በግዛት ሕግ አልተደነገገም። ሚኔሶታ ግን በ2023 ያወጣችው ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ በዚህም መሠረት ለእርግዝናና ለማገገም እስከ 12 ሳምንት፣ ከሕፃኑ ጋር ለመሆን ደግሞ እስከ 12 ሳምንት፣ ሁለቱ ተደምረው በዓመት ከ20 ሳምንት ሳይበልጡ፣ የደመወዝን ከፊል ክፍያ እያገኙ መቆየት ይቻላል። አባትም ከልጁ ጋር ለመሆን እስከ 12 ሳምንት ይፈቀድለታል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ባነበብን ማታ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ደጋግሞ አነበበው። የእርሱ አባት የባቡር ሠራተኛ ሆነው ብዙ ጊዜ ከቤት ርቀው ስለኖሩ፣ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ልጅም እንዲሁ በስልክ እንዳያድግ ሁልጊዜ ይፈራል። አገር ቤት አራስን የምትጠብቅ እናት ናት፣ ጎረቤት ነው፣ አራስ ጥየቃ የሚመጣ ዘመድ ነው፤ ገንፎው ይገነፋል፣ እናትየዋ ትተኛለች፣ ሕፃኑን የሚይዝ ክንድ አይጠፋም። እዚህ የእናቴ ቪዛ ይገኝ አይገኝ ገና አልታወቀም። ካልተገኘ ገንፎውን የሚያገነፋልኝ ባለቤቴ ነው። ሙቀት ፍለጋ በሁለት ወር ቀድመን ብንሄድ ኖሮ፣ ይህን 12 ሳምንት ጥለነው መሄዳችንን ሳናውቅ እንቀር ነበር።

ከሙያ ፈቃድም ጋር የተያያዘ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን በጤና ሙያ የምንተዳደር ስለሆነ እጠቅሰዋለሁ። ከ40 በላይ ግዛቶችና ክልሎች ኮምፓክት በሚባለው የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ አሉ፤ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ አሪዞና፣ ፍሎሪዳ በዚያ ውስጥ ናቸው። ሚኔሶታና ኔቫዳ ግን የሉበትም። ስለዚህ ከሚኔሶታ የምትሄድ ነርስ የምትሄድበትን ግዛት ፈቃድ አስቀድማ ማመልከት አለባት፤ ቴክሳስ በተጨማሪ የራሷን የሕግና የሥነ ምግባር ፈተና ትጠይቃለች። ሳታመለክት የተዛወረች ባልደረባዬ ፈቃዷን ስትጠብቅ ያጠራቀመችው ገንዘብ በኪራይ አለቀ። የባለቤቴን የመንጃ ፈቃድ በተመለከተም የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በተዛወረ በ30 ቀን ውስጥ ወደ አዲሱ ግዛት ማዛወር እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል፤ መንገድ ላይ የሚውል አሽከርካሪ 30 ቀን እንዴት እንደሚያልፍ አያውቅም።

ከቴክሳስ የጻፉት ወንድማችን በዚህ ደብዳቤ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። እሳቸውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። እንደ አክስታችን ክላሰሩን ያውጡልን። አስቀድመውን ወደ ዳላስ፣ ወደ አትላንታ፣ ወደ ፊኒክስ፣ ወደ ላስ ቬጋስ የሄዱ ታላላቆቻችን ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ቤታቸው ስፋት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ድምቀት ይነግሩናል፤ የከበዳቸውን ግን ይሉኝታ ይዟቸው አይናገሩም። ሄዶ አልተሳካለትም እንዳይባል የሚፈራ አለ፤ ዘመዱን ከአጠገቡ ለማምጣት ናፍቆ የከበደውን የሚሸሽግም አለ፤ አክስታችንም ክላሰሩን ከማውጣቷ በፊት ዝም ያለችው ለዚህ እንደሆነ ኋላ ነግራናለች። «ካወቃችሁ የማትመጡ መስሎኝ» ነበር ያለችው። እኛ ግን በአንዲቱ ማታ ከሁሉም የስልክ ግብዣ ይልቅ ለዳላስ ያለን አክብሮት ጨመረ፤ ምናልባትም ልጃችን ሲያድግ ወደ እርስዋ እንሄድ ይሆናል።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ደግሞ የሚከተለውን ነው። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የተዛወሩ ቤተሰቦች ስማቸውን ሳይገልጹ የሚጽፉበት ዓምድ በወር አንድ ጊዜ ብትከፍቱ ለብዙ ወጣቶች ትደርሳላችሁ። ጸሐፊዎቹ የነሐሴውን የመብራት ሂሳብ፣ የቤት ግብሩን፣ የመኪናና የቤት መድኑን፣ ከቤት እስከ ሥራ በመኪና የሚፈጀውን ሰዓት፣ ሕፃን የሚያውሉበትን ቦታና ዋጋውን፣ በመጀመሪያው ዓመት በሌሊት የደወሉለት ሰው ማን እንደነበረ ይጻፉልን። ተመልሰው የመጡም ይጻፉ፤ የእነርሱ ቃል በተለይ ያስፈልገናል።

እኛ በግንቦት አንሄድም። ውላችንን ለአንድ ዓመት አድሰናል፤ የሶማሌው ጎረቤታችንም ባለቤት ለአራስ የሚሆን ገንፎ እኛም ቤት አለ ብለው ከአሁኑ ነግረውኛል። ልጃችንን እዚህ ወልደን፣ ሁለታችንም የወሊድ ፈቃዳችንን ጨርሰን፣ የጆርጂያ የነርስነት ፈቃዴን በእጄ ይዤ፣ በ2027 ጸደይ ወደ አትላንታ ለመዛወር ወስነናል። እዚያ የመጀመሪያውን ነሐሴ ካሳለፍን በኋላ የመብራት ሂሳባችንን፣ የቤት ኪራያችንንና ያልጠበቅነውን ሁሉ በዝርዝር ጽፈን ለዚህ ጋዜጣ እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት ነርስ
ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ